የበረዶና የአመዳይ ፎቶግራፍ በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋዎች

የበረዶና የአመዳይ ፎቶግራፍ በብርድ የነጣ መሬትን፣ ዕፅዋትንና እንስሳትን የሚያነሳ የተፈጥሮ ፎቶግራፍ ዘርፍ ነው። ከስሜን ተራሮች አንስቶ፣ ተከዜን ተሻግሮ እስከ ዋግ ኽምራና ላስታ ደጋዎች ድረስ ለወራት ሳይቀልጥ የሚከርም በረዶ የለም። የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ወርዶ ረፋድ ላይ የሚጠፋ ንጣት ነው። ስለዚህ አማተር ፎቶ አንሺ ከመሣሪያው ይልቅ ሰዓቱንና ቦታውን ማወቅ ይቀድምበታል።

ታሪክ

በስሜን ስላለው በረዶ ከሚናገሩ ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ በአዱሊስ በነበረ የድንጋይ ዙፋን ላይ በግሪክኛ ተቀርጾ የነበረው ነው። ጽሑፉን በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ ገልብጦ አቆይቶታል። ስሙ ያልተጠቀሰ የአክሱም ንጉሥ በዚያ ዘመቻዎቹን ሲዘረዝር፣ የስሜን ተራሮች ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ እንዳለባቸው ይገልጻል። በዓለም ደረጃ የዘርፉ ፈር ቀዳጅ ከሆኑት አንዱ በአሜሪካ የቬርሞንት ገበሬ የነበረው ዊልሰን ቤንትሊ ነው። ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አገጣጥሞ እ.ኤ.አ. በ1885 የአንዲት በረዶ ቅንጣት ምስል አነሳ፤ በዕድሜው ዘመንም ከ5,000 በላይ ቅንጣቶችን አንስቷል።

የንጣቱ ዓይነቶች

የበረዶ ጠጠር በክረምትና በበልግ፣ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ ከነጎድጓዳማ ደመና ይወርዳል፤ መሬት ላይ የሚቆየውም ከጥቂት ደቂቃ እስከ ጥቂት ሰዓት ነው። እንደ ጥጥ የሚወርደው በረዶ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ በሆኑ እንደ ራስ ደጀንና ቧሂት ባሉ ጫፎች ላይ አልፎ አልፎ ይታያል። በሌሊቱና በቀኑ ሙቀት መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ስለሆነ ቶሎ ይቀልጣል።

ለአማተሩ ይበልጥ የሚቀርበው አመዳይ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የበጋ ወቅት ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ባለበት ሌሊት፣ መሬት ቀን የያዘውን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቃል። የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ ቁልቁል ወርዶ ጎድጓዳ ስፍራ ላይ ይተኛል። በመሆኑም በአንድ አካባቢ ውስጥ ከተረተሩ ይልቅ ረባዳው ሜዳ ቀድሞ ይነጣል። ከሰቆጣ በስተደቡብ ባለው በጋዝጊብላ ደጋም ሆነ በሌላ ከፍተኛ ቦታ አመዳይ የሚፈልግ ሰው ቀድሞ መመልከት ያለበት የጅረት ዳር ሣርንና በኮረብታ የተከበበ ማሳን ነው።

ብርሃንና ቀለም

የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየው ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይነሳል፤ ይህም ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ ነገር ነው። አዲስ በረዶ ግን ከ80 እስከ 90 በመቶ ይመልሳል። መለኪያው ብቻውን ሲተው ነጩ አመድ መስሎ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ብርሃኑን ከ1 እስከ 2 ስቶፕ መጨመር ነው። ንጣቱ እዚህም እዚያም ብቻ ጣል ጣል ያለ ከሆነ ግማሽ ስቶፕ ያህል ሊበቃ ይችላል። በብዙ ስልኮች ስክሪኑን ነክቶ የፀሐይ ምልክቷን ወደ ላይ መግፋት ይህንኑ ይሠራል። ሂስቶግራሙ ከቀኝ ጠርዝ ከተላተመ ግን የነጩ ዝርዝር ጠፍቷል ማለት ነው።

ጥላ ውስጥ ያለ በረዶ ብርሃን የሚያገኘው ከሰማዩ ስለሆነ ሰማያዊ ይመስላል። ዋይት ባላንሱን አስተካክሎ ሰማያዊነቱን መቀነስ ይቻላል፤ ፈጽሞ ማጥፋት ግን የጠዋቱን ቅዝቃዜ ከምስሉ ይወስደዋል። በዚህ ኬክሮስ ፀሐይ ሽቅብ በፍጥነት ስለምትወጣ፣ ዝቅ ብሎ የሚመጣው የማለዳ ብርሃን ዕድሜው አጭር ነው። ስለዚህ ቦታ መያዝ የሚገባው ሳይነጋ ነው።

ቅርብ ምስልና የበረዶ ዝናብ

የአመዳይ ቅንጣቶች ከሁሉ ይልቅ የሚጎሉት በጓሳ ሣርና በጅብራ ቅጠል ጠርዝ ላይ ነው። ፀሐይዋን ከጎን ወይም ከፊት ለፊት አድርጎ ፎከሱን በጠርዙ ላይ መጣል ቅንጣቶቹን አንድ በአንድ ይለያቸዋል። ፎቶ አንሺው በጣም ተጠግቶ ከተነፈሰ ግን አመዳዩ ዓይኑ እያየ ይቀልጣል። የሚወርድ የበረዶ ጠጠር እንደ ጥድ ያለ ጠቆር ያለ ጀርባ ይፈልጋል። እንደ 1/500 ሰከንድ ያለ ፈጣን የመዝጊያ ፍጥነት የጠጠሩን መስመር ያሳጥረዋል፣ 1/60 ደግሞ እንደ ክር ያስረዝመዋል። ነጎድጓድ ባለበት በተረተር ላይ ወይም በነጠላ ዛፍ ሥር መቆም ለመብረቅ ያጋልጣል።

ጥንቃቄ

ብርድ የባትሪን አቅም ስለሚቀንስ መለዋወጫው በውስጥ ኪስ ይያዛል። ከውጭ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ ካሜራው ቦርሳው ውስጥ ተዘግቶ ቀስ በቀስ ካልሞቀ ሌንሱ ላይ ላብ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለመግባት ፈቃድ የሚገኘው ደባርቅ ሲሆን፣ ጎብኚው ከስካውት ጋር ይጓዛል። ጭላዳንና ዋልያን ለማንሳት ረጅም ሌንስ ተመራጭ ነው፤ በብርድ ማለዳ እንስሳቱን ማባረር የሚያስፈልጋቸውን ጉልበት ያስጨርሳቸዋል።

በእርሻ ማሳ ላይ የወረደ በረዶ ለባለቤቱ የዓመት ቀለብ መጥፋት ሊሆን ስለሚችል፣ ሳያስፈቅዱ ገብቶ ማንሳት ነውር ነው። ከምስሉ ጋር ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና ከፍታ ሲመዘገብ፣ ፎቶግራፉ ስለ አካባቢው አየር ጠባይም ሆነ ስለ ሰብሉ ጉዳት ማስረጃ ይሆናል።