የቴኳንዶ እርግጫ ታሪክ፤ የሰውነት አሠራርና የውድድር ደንብ

ስለ ቴኳንዶ ከሚጽፉት ብዙዎቹ ጥበቡን ሁለት ሺህ ዓመት ያስቈጥሩታል። የዚህች አጭር ጽሑፍ ዓላማ ግን፣ ዛሬ የምናየው ከፍ ያለ እርግጫ በይበልጥ የሃያኛው መቶ ዓመት ሥራ መሆኑን፣ ቅርጹንም የወሰኑት የሰውነት አሠራርና የውድድር ደንብ መሆናቸውን ማስረዳት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የሰውነትን ነገር እንመልከት። አንድ እግር ከመላው የሰውነት ክብደት 16 በመቶ ያህል ሲሆን፣ አንድ ክንድ ግን 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከጎን ዞሮ በሚመታ እርግጫ ጊዜ የቆመው እግር መሬት ላይ ይዞራል፤ ዳሌ ይከተላል፤ ከዚያም ጭን፤ በመጨረሻ ከጉልበት በታች ያለው ክፍል ይወነጨፋል። ይህም እንደ ጅራፍ ነው፤ የላይኛው ክፍል ሲዘገይ የታችኛው ይፈጥናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የእንቅስቃሴው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ነገር ግን የሚራገጠው ሰው በአንድ እግር ብቻ ስለሚቆም፣ እግሩ ከተያዘ በቀላሉ ይወድቃል። እንግዲህ ይህን አደጋ ለምን ይቀበላል? መልሱ ከታሪክ ይገኛል።

ኮሪያ ከጥንት ጀምሮ ቴክዮን የሚባል የእግር ጨዋታ እንደ ነበራት፣ ዩ ሱክ በ1846 የሳለው ሥዕል ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ጃፓን አገሪቱን በገዛችበት ከ1910 እስከ 1945 ባለው ዘመን፣ ወደ ጃፓን ለትምህርት የሄዱ ኮሪያውያን ካራቴን አጠኑ። ከእነርሱም አንዱ፣ የፉናኮሺ ጊቺን ደቀ መዝሙር የነበረው ሊ ወን ኩክ፣ በ1944 በሴኡል ቹንግ ዶ ክዋን የተባለውን ማሠልጠኛ አቋቋመ። ቴኳንዶ የሚለው ስም የወጣውም በ1955 ነው። ስለዚህ የመምህርና የደቀ መዝሙር ሐረጉ በግልጽ የሚያልፈው በካራቴ በኩል ነው።

የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1973 በሴኡል ተደረገ። የስፖርቱ ደንብ ፊትን በቡጢ መምታትንና የባላጋራን እግር ይዞ መጣልን ከለከለ። በዚህም በአንድ እግር የመቆም አደጋ እጅግ ቀነሰ፤ እርግጫውም ወደ ላይ ወጣ። በ2021 በተደረገው የቶኪዮ ኦሊምፒክ አንድ ቡጢ 1 ነጥብ ሲያስገኝ፣ ዞሮ ራስን የመታ እርግጫ 5 ነጥብ ያስገኝ ነበር። በለንደን ኦሊምፒክ በ2012 ምትን በኤሌክትሮኒክ የሚቈጥር የደረት መከላከያ በገባ ጊዜ ደግሞ፣ የፊት እግርን አንሥቶ መንካት ጠቃሚ ስለ ሆነ፣ ጅራፋዊው ምት በከፊል ቦታውን ለቀቀ።

ከዚህ የምንረዳው፣ የሰውነት ሕግ ያው ሲሆን የተለወጠው የውድድር ደንብ መሆኑን ነው። ስለዚህ የአንድን ጨዋታ ዕድሜ ለመመርመር የሚነሣ ተማሪ፣ ስለ ጥንታዊነቱ ከሚነገረው ይልቅ አስቀድሞ ደንቡ ምን እንደሚሸልምና ምን እንደሚከለክል ይጠይቅ።