ጠባቂው ሲገደል፦ ከሰኔ 15 ምሽት እስከ መቀሌ መቃብር



ዛሬ የምናስታውሰው ሙስሊም ያልሆነን ሰው ነው። ይህን ከመጀመሪያው የምንናገረው አንዳንዶቻችሁ «እኛን ምን አገባን?» ብላችሁ ገጹን ልትዘጉ ትችላላችሁ ብለን ስለሰጋን ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ጀናዛ በአጠገባቸው ሲያልፍ ተነሥተው ቆሙ። የአይሁዳዊ ነው ሲባሉ፣ እሱስ ነፍስ አይደለም ወይ የሚል መልስ እንደሰጡ ቡኻሪ ዘግበውታል። ለእኛ ይህ ይበቃናል፤ ወደ ታሪኩ እንግባ።

ሰኔ 15 ቀን 2011 ቅዳሜ ነበር። አመሻሹ ላይ ባሕር ዳር ውስጥ የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንንና አማካሪያቸው አቶ እዘዝ ዋሴ ስብሰባ ላይ ሳሉ ተገደሉ። የክልሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አቶ ምግባሩ ከበደ ቆስለው ከሁለት ቀን በኋላ አረፉ። በዚያው ምሽት አዲስ አበባ ደግሞ የመከላከያ ሠራዊት ኤታማዦር ሹሙ ጀነራል ሰዓረ መኮንን ቤታቸው ውስጥ ተተኮሰባቸው። መንግሥት እንዳስታወቀው በዚያች ሰዓት የባሕር ዳሩን ጥቃት ለማስቆም የሚደረገውን ሥራ እየመሩ ነበር። የተኮሰባቸው የገዛ ጠባቂያቸው ነው። ሊጠይቋቸው መጥተው አብረዋቸው የነበሩት በጡረታ ላይ ያሉት ሜጀር ጀነራል ገዛኢ አበራም አልተረፉም።

ጀነራል ሰዓረ በልጅነታቸው በረሃ የወረዱ የትግራይ ሰው ናቸው። ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ተዋግተዋል፤ በኋላም ዋና መምሪያው መቀሌ የነበረውን የሰሜን ዕዝን መርተዋል። ኤታማዦር ሹም ሆነው የቆዩት አንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው። ፖሊስም ይሁን ወታደር፣ በሥራው ላይ ሳለ የሚገደል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሞት ከውጭ ይመጣበታል፦ ከሌባ፣ ከሽፍታ፣ ከጠላት ጦር። እሳቸው ዘንድ ግን የመጣው ከውስጥ፣ አማና ከተሰጠው እጅ ነው። ይህን ስንሰማ ብዙዎቻችን አንድ የምናውቀው ታሪክ ትዝ ሳይለን አልቀረም።

በ23ኛው ዓመተ ሂጅራ መዲና ውስጥ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ፈጅርን እያሰገዱ ነበር። ዑመር ሌሊት በከተማው እየዞሩ የተራበውንና የተጨነቀውን የሚፈልጉ ኸሊፋ እንደነበሩ ሕፃን ሳለን ጀምሮ ተነግሮናል፤ በዛሬ ቋንቋ የሌሊት ዘብ ነበሩ ማለት ነው። አቡ ሉእሉአ የተባለው ሰው ሁለት ስለት ባለው ጩቤ በሰላት ላይ ወጋቸው። ሲሸሽም 13 ሰው ወጋ፤ ከእነሱ 7ቱ ሞቱ። መያዙን ሲያውቅ ራሱን ገደለ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ገዳዩ ራሱን ስላጠፋ «ማን ላከህ? ከማን ጋር መከርክ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው አልተገኘም። በባዶው ቦታ ወሬ ገባ። አንድ ሰው ያንን ጩቤ ከግድያው በፊት በሦስት ሰዎች መካከል አይቼዋለሁ አለ። የዑመር ልጅ ዑበይዱላህ ይህን ሲሰማ ሰይፉን መዘዘና ሁርሙዛንን፣ ጁፈይና የተባለውን ክርስቲያንና የአቡ ሉእሉአን ትንሽ ልጅ ሳይቀር ገደለ። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ ታግለው ሰይፉን እስኪነጥቁት ድረስ አልቆመም።

ዑስማን (ረ.ዐ) ኸሊፋ ሲሆኑ መጀመሪያ የገጠማቸው ጉዳይ ይኸው ነበር። ቂሷስ ይፈጸምበት ያሉ ነበሩ፤ ከእነሱም አንዱ ዐሊ (ረ.ዐ) ናቸው። ሌሎች ደግሞ አባቱ ትናንት ተገድሎ ልጁ ዛሬ እንዴት ይገደላል አሉ። ዑስማን የደሙን ካሳ ከራሳቸው ገንዘብ ከፈሉ። የትኛው ሐሳብ ይበልጣል የሚለውን ለዑለሞች እንተወው። እኛን የሚይዘን ሌላው ነገር ነው፦ ከሰሓባ ትውልድ መካከል፣ ከዑመር ቤት እንኳ፣ በሐዘን የነደደ ሰው ያልተጣራ ወሬ ይዞ ደም ሊያፈስ መቻሉ።

ወደ 2011 እንመለስ። ግድያው በተሰማ ማግስት የፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽነሩ ጠባቂው ራሱን አጥፍቷል አሉ። ጥቂት ቆይቶ ግን ይህ ተስተካከለ፤ ተኳሹ ቆስሎ በቁጥጥር ሥር ነው ተባለ፤ በኋላም ፍርድ ቤት ቀረበ። በእነዚያ ሰዓታት መካከል ስንት ዓይነት ታሪክ እንደተፈጠረ በስልኩ ፌስቡክ የከፈተ ሁሉ ያስታውሰዋል። አንዱ ብሔር ሌላውን ገደለ የሚለው ወሬ ከአስከሬኑ ቀድሞ መቀሌ ደርሷል ብንል ማጋነን አይሆንም። በአዲስ አበባና በአማራ ክልል ብዙ ሰዎች ታሰሩ። የባሕር ዳሩን ጥቃት መርተዋል የተባሉት ብርጋዴር ጀነራል አሳምነው ጽጌም ሰኔ 17 ቀን በተኩስ ተገደሉ፤ ሊናገሩ ይችሉ የነበረውም አብሯቸው ተቀበረ።

ሰኔ 18 ቀን በሚሊኒየም አዳራሽ በተደረገው ሽኝት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲያለቅሱ አገር በቴሌቪዥን አየ። በሰኔ 19፣ ረቡዕ፣ ሁለቱ ጀነራሎች መቀሌ ላይ ተቀበሩ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጣ። ሳምንት ሳይሞላም ጀነራል አደም መሐመድ ኤታማዦር ሹም ሆነው ተሾሙ። አንዳንድ ወንድሞቻችን በስማቸው ደስ ብሏቸው ሹመቱን ሲያጋሩ አይተናል። ያ ወንበር የተለቀቀው በደም መሆኑን የጻፈ ግን ጥቂት ነበር፤ እኛም ያኔ አልጻፍንም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት ሰዓረ ይመሩት የነበረው የሰሜን ዕዝ ትግራይ ውስጥ ጥቃት ደረሰበት። ማን ጀመረው የሚለውን ክርክር እዚህ አንከፍትም። በዚያች ሌሊት በዘብ ላይ ሳሉ የተገደሉት ወታደሮችም ግን የሰው ልጆች ናቸው፤ የሰዓረን ሞት እያስታወስን የእነሱን ብንዘለው ሐዘናችን በሰፈር የተከፈለ ይሆናል። ጀነራል አደም በጥቂት ቀናት ውስጥ ከቦታቸው ተነሡ። በኅዳር 19 የፌዴራሉ ሠራዊት መቀሌ ገባ። አዲስ አበባ ላይ የሰዓረን አስከሬን በክብር የሸኘው ሠራዊት፣ መቃብራቸው ወዳለበት ከተማ በታንክ መጣ። በዚያው ወር ከውቅሮ አለፍ ብሎ ያለው የነጃሺ መስጊድ በከባድ መሣሪያ ተመታ። ከመካ የተሰደዱ ሰሓባዎች ጠባቂ ንጉሥ ባገኙበት ምድር ማለት ነው።

በእነዚያ ሳምንታት መቀሌ ሌላም ነገር አጣች፦ ፖሊስ። የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ከመንገድ ጠፋ፤ ሱቅና መሥሪያ ቤት ተዘረፈ፤ ጊዜያዊ አስተዳደሩ ፖሊሶች ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ጥሪ አቀረበ። በሰላሙ ቀን ፖሊስ ስናይ ብዙዎቻችን ፊታችንን እናዞራለን፤ ለዚህም አንዳንዴ በቂ ምክንያት አለን። ቀይስ ኢብኑ ሰዕድ (ረ.ዐ) ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልክ ለአሚር የጥበቃ አለቃ እንደሆነ ሰው እንደነበሩ አነስ (ረ.ዐ) ተናግረዋል። ጥበቃ ከመልእክተኛው ጎን የሚቆም ሥራ ነበር። ዋጋው ግን መቀሌ እንዳየችው፣ በጠፋ ሌሊት ነው የሚታወቀው።

በቋንቋችን «ሰማዕት» የሚለው ቃል ከግዕዝ መጥቷል፤ ምስክር ማለት ነው። «ሸሂድ»ም በዐረብኛ ሥሩ ምስክር ነው። በአኺራ ማን በየትኛው ደረጃ እንደሚቆም የሚያውቀው አላህ ብቻ ስለሆነ በዚያ አንገባም። በዱንያ ግን ምስክር የሚሰማው ሲፈለግ ነው። የሰዓረን ስም በጦርነቱ ጊዜ ሁሉም ወገን ለየራሱ ክስ ጠራው፤ ያች ምሽት በሥራ ላይ እንደነበሩ የሚያስታውሰው ግን እየቀነሰ ሄደ።

አስከሬናቸውን ያመጣው የአየር መንገድ በጦርነቱ ተዘጋ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ፤ በታኅሣሥ 19 የመጀመሪያው የመንገደኞች አውሮፕላን መቀሌ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ አረፈ። ከአውሮፕላኑ የወረዱት ሰዎች አንዳንዶቹ ተንበርክከው መሬቱን ሳሙ፤ በርካቶቹም የሞቱባቸውን ቤተሰቦች ስም የሰሙት ገና እዚያው፣ ከተቀበሏቸው ዘመዶች አፍ ነበር።