ግድግዳውን ረጨን፣ አልጋውን ሸፈንን፣ ቆዳውን ረሳን

አትላስ አካባቢ ካሉት ደህና ደህና መድኃኒት ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ በሉ። ከፀሐይ መከላከያው ቅባት አጠገብ የትንኝ መከላከያ ሎሽን፣ ስፕሬይ፣ አንዳንዴም ለልጆች ተብሎ የተሠራ ባለ ቀለም የእጅ አምባር ታገኛላችሁ። ገዢው መንገደኛ ነው፤ ለመስክ ሥራ ጋምቤላ የሚወርድ፣ ለዕረፍት አርባ ምንጭ የሚሄድ፣ ከውጭ መጥቶ ዘመድ ሊጠይቅ ቆላ የሚዘልቅ። ለአትላስ ለራሱማ ማን ይገዛዋል? ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ የምትኖር ቢምቢ እንቅልፍ ትነሳለች እንጂ ወባ አታስይዝም።

ነገሩን አስቡት። ወባ በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በሚያጠቃበት አገር፣ ቆዳን ከንክሻ የሚጠብቀው ቅባት እንደ ልብ የሚገኘው ወባ በሌለበት ሰፈር ነው። መተማ የሰሊጥ ማሳ ላይ ሜዳ የሚያድረው የቀን ሠራተኛ ግን ሲያልፍም አያገኘው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ከስልሳ ዓመት በላይ ወባን የተዋጋንበት መንገድ ያመጣው ነው። (ከዚህ በታች ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

በድሮው ዘመን ከትንኝ ጋር የነበረን ስምምነት ቀላል ነበር፤ እሷ ቆላ፣ እኛ ደጋ። የደጋ ሰው ለእርሻም ሆነ ለገበያ ቆላ ይወርድና ሳይመሽበት ሽቅብ ይመለሳል። ንዳድ ያለበት አገር አይታደርም። ምክንያቱን ሲጠየቅ አንዱ መጥፎ አየር ነው ይላል፣ ሌላው የበቆሎ እሸት ነው ይላል። እሸቱን የከሰሱት ጨርሰው የተሳሳቱ አይመስለኝም፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ጎጃም ቡሬ ላይ ወባ ሲበረታ ነገሩን ያጠኑ ሰዎች፣ የበቆሎ አበባ ብናኝ ውሃ ላይ ሲረግፍ የወባ ትንኝ እጭ እየበላው እንደሚፋፋ አይተዋል። ጥፋቱ መብላቱ ላይ ሳይሆን ከደጃፍ መዝራቱ ላይ ነበር። ለማንኛውም የጥንቱ ሰው ትንኟን ባይጠረጥርም ሰዓቷን አውቆታል፤ በምሽት አልተገኘላትም።

ያ ስምምነት በ1958 ፈረሰ። ዝናቡ በዛ፣ ሙቀቱና እርጥበቱ ከወትሮው አለፈ፤ ወባም ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ወደሚደርሰው ከፍታ ወጣ። ሰውነቱ ከበሽታው ጋር ያልተለማመደ ሕዝብ ላይ ነው የወረደው። በጥቂት ወራት ውስጥ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። ይህን ቁጥር ደግማችሁ አንብቡት። በታሪክ መጻሕፍታችን ከዚህ ያነሰ ሰው የሞተባቸው ጦርነቶች ምዕራፍ ምዕራፍ ተሰጥቷቸዋል፤ የ1958ቱ ወባ ግን ከባለሙያ ውጭ የሚያስታውሰው የለም።

በማግስቱ፣ በ1959፣ የወባ ማጥፊያ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። መሣሪያው ዲዲቲ ነበር። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ትንኟ ደም ከጠጣች በኋላ ሆዷ ስለሚከብዳት ግድግዳ ላይ ታርፋለች፤ ግድግዳው ከተረጨ እዚያው ትሞታለች፤ በሽታውን ወደ ሌላ ሰው ለማድረስ ዕድሜ አታገኝም። ብልህ ሐሳብ ነው፤ ብዙ ሕይወትም አድኗል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ስልት በዋናነት የሚጠብቀው የተነከሰውን ሰው ሳይሆን ጎረቤቱን ነው። ንክሻው ራሱ ስሌቱ ውስጥ የለም።

ከ2005 ጀምሮ ደግሞ አጎበር መጣ። በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ 20 ሚሊዮን ያህል ተሠራጨ፤ ከአዲሶቹ መድኃኒቶች ጋር ሆኖ በሽታውን በግልጽ ቀነሰው። በዚህ ጊዜ ንክሻው ታሰበ፤ ግን አልጋ ላይ ያለ ሰው ንክሻ ብቻ። ከራት በፊት ደጅ የሚቀመጠው፣ ከብት የሚያስገባው፣ ማታ ውሃ የምትቀዳው፣ ሌሊት ዘብ የሚያድረው አሁንም ስሌቱ ውስጥ የለም። እኛ አገር ዋናዋ የወባ አስተላላፊ፣ አኖፊለስ አራቢየንሲስ የምትባለው፣ ደግሞ ሰው እስኪተኛ የምትጠብቅ አይደለችም። ገና ሲመሽ፣ ደጅም ቢሆን ትነክሳለች።

ታዲያ ቆዳው ለማን ተተወ? ለቤተሰብ። ቤተሰቡም ያለውን አወጣ፦ ጭስ። ወይራ፣ ጥንጁት፣ ቀበሪቾ። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያዩ ሰዎች ያናድዱኛል። ቆቃ አካባቢ በተደረገ ጥናት የሽቶ ባሕር ዛፍና የሌሎች ዕፅዋት ጭስ ወደ ቤት የሚገባውን ትንኝ በእርግጥ ቀንሷል። ችግሩ ጭሱ የሚሠራው እየጨሰ እያለ ብቻ መሆኑ ነው፤ በዚያ ላይ ሕፃናትና እናቶች ሳንባና ዓይናቸው ይከፍላል።

ከጭሱ ቀጥሎ ፍሊት ገባ። ዛሬ የቤት ተባይ የሚገድል ነገር ሁሉ ለእኛ ፍሊት ነው። ቃሉ ግን የንግድ ስም ነው፤ የአሜሪካው ስታንዳርድ ኦይል በ1923 ያወጣው ምርት። (ማስታወቂያውን ለዓመታት ይስል የነበረው ኋላ በልጆች መጻሕፍት የታወቀው ዶክተር ስዩስ ነው።) መጀመሪያ ከነዳጅ ዘይት የተሠራ ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲ ገባበት። ስሙ አማርኛ ውስጥ ቀረ፤ ውስጡ ያለው ነገር ስንት ጊዜ ተቀያየረ። ዛሬ በአንዱ ቤት ፍሊት የተባለው ከሱፐርማርኬት የተገዛ ጣሳ ነው፤ በሌላው ቤት ለእርሻ የመጣ ማላታይን በውሃ ፕላስቲክ ተቀድቶ የተሸጠ።

አደጋውን የሚያባብሰው ደግሞ ቋንቋችን ነው። የሚያድነውንም የሚገድለውንም «መድኃኒት» እንላለን። የአይጥ መድኃኒት፣ የተባይ መድኃኒት፣ የትንኝ መድኃኒት። «የትንኝ መድኃኒት» የተባለ ነገር ቢቀቡት ምን ክፋት አለው? ስለዚህ ቅማል ወይም ቁንጫ ሲያስቸግር ለግድግዳ የመጣውን በልጅ ራስ ላይ የሚያፈስ ሰው አለ። ማላታይንና ዘመዶቹ በቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባሉ። የነርቭን ሥራ የሚቆጣጠር ኬሚካል ያግዳሉ፤ ምራቅና ላብ ይበዛል፣ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፣ መጠኑ ከበዛ ትንፋሽ ይቆማል። ለግድግዳ የተሠራውን ለቆዳ ማድረግ ሞኝነት ነው ብሎ መሳደብ ቀላል ነው። እኔ የማየው ግን ሌላ ነው፤ ለቆዳ የተሠራውን ማንም አላቀረበለትም።

ለቆዳ የተሠራው ታሪኩ ከጦር ሜዳ ይጀምራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ወታደር በፓስፊክ ደሴቶች ከጥይት ባልተናነሰ በወባ ሲወድቅ፣ የእርሻ ሚኒስቴሩ ኬሚስቶች በሺዎች የሚቆጠሩ ውሁዶችን ፈተኑ። ከዚያ ውስጥ ዲት የሚባለው ወጣ፤ ሠራዊቱ በ1946 ተቀበለው፣ በ1957 ለሕዝብ ተሸጠ። ዲት ትንኝ አይገድልም። የሰው ጠረን እንዳታገኝ ያውካታል፤ ስለዚህ የተቀባው ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ክንድ ተቀብቶ ቁርጭምጭሚት ከተረሳ ቁርጭምጭሚት ይነከሳል።

ይሠራል ወይ? በ2002 አንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ፍተሻ የተለያዩ ምርቶችን ተቀብተው እጃቸውን ትንኝ ወዳለበት ሳጥን የሚያስገቡ ሰዎችን ተከታተለ። 24 በመቶ ገደማ ዲት ያለው ለአምስት ሰዓት ጠበቀ። ሲትሮኔላ፣ ማለትም የጠጅ ሳር ዘመድ ከሆነ ሣር የሚወጣው ዘይት፣ 20 ደቂቃ አልሞላም። ለልጆች የሚሸጠው አምባር? ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልጠበቀም። አምባር ቢበዛ የእጅ አንጓን ያስጌጣል። ስልክ ላይ የሚጫነው ቢምቢ አባራሪ ድምፅም እንዲሁ ነው፤ ስለ እነዚህ መሣሪያዎች የተደረጉ የመስክ ሙከራዎች ተሰብስበው ሲታዩ አንዱም ንክሻ አልቀነሰም።

ደህና ነው ወይ? ይህን የሚጠይቅ ሰው መብቱ ነው፤ የኬሚካል ታሪክ ንጹሕ አይደለም። በዚያው ጦርነት ዘመን ለወታደር ይሰጥ የነበረ ኤቲል ሄክሳኔዲዮል የሚባል ቅባት ፅንስ ሊጎዳ ይችላል ተብሎ በ1991 አሜሪካ ውስጥ ከገበያ ወጥቷል። ዲትም በልጆች ላይ የሚጥል በሽታ አስከትሏል የሚል ሪፖርት ቀርቦበታል፤ ብዙዎቹ የተጠጣ ወይም ከልክ በላይ የተቀባ ሆነው ተገኝተዋል፤ ከሚጠቀመው ሕዝብ ብዛት አንጻርም እጅግ ጥቂት ናቸው። ለእኔ ሚዛን የሚደፋው በ2001 የታተመው የታይላንድ ጥናት ነው። ከ4ኛው ወር በኋላ ያሉ 897 ነፍሰ ጡር ሴቶች ተሳትፈው፣ ግማሾቹ 20 በመቶ ዲት በየቀኑ ተቀቡ፤ በእናቶቹም ሆነ በሕፃናቱ ላይ ጉዳት አልታየም። ወባ ግን ነፍሰ ጡርን ይገድላል። ሚዛኑ ላይ ሁለቱንም ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ከዲት ሌላ ሁለት ስሞች አሉ። ፒካሪዲን አይሸትም፣ ፕላስቲክ አያበላሽም (ዲት የመነጽርና የሰዓት ፕላስቲክ ያሟሟል)። ሁለተኛው ፒኤምዲ ነው፤ የሚገኘውም እኛ ሽቶ ባሕር ዛፍ ከምንለው ዛፍ ነው። ቦሊቪያ ውስጥ ከአጎበር ጋር ሲሰጥ አጎበር ብቻ ከያዙት ሰዎች ይልቅ ወባን በ80 በመቶ ቀንሷል። ዛፉ እዚህ አለ፤ ቅባቱ ግን ከውጭ ይገባል። ነገር ግን ቅጠሉን ቀቅሎ መቀባት ፒኤምዲ አይሆንም፤ ጥሬው ዘይት ቶሎ ይተናል።

እዚህ ላይ የተቃዋሚውን ክርክር መደበቅ አልፈልግም። ላኦስና ካምቦዲያ ውስጥ መንደር ሙሉ ቅባት ታድሎ ወባ አልቀነሰም። ምርቱ ስላልሠራ አይደለም፤ ሰው በየምሽቱ መቀባት ስለሚሰለቸው ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ የተደረገውና በ2014 የታተመው ሙከራ ግን በተቃራኒው፣ ከአጎበር ጋር ቅባት ያገኙት መንደሮች የተሻለ ውጤት ማሳየታቸውን ጽፏል። እኔ ከሁለቱ የምረዳው ለሁሉም አድሉ የሚል አይደለም። አጎበር ሊሰቅል ለማይችል ሰው ስጡ ነው።

ያ ሰው ደግሞ ማን እንደሆነ እናውቃለን። በየዓመቱ ከደጋው ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው የሰሊጥ ሠራተኛ ነው። ሜዳ ላይ ወይም ዳስ ውስጥ ያድራል፤ ግድግዳ የለውም እንዲረጭለት፣ አልጋ የለውም አጎበር እንዲሰቀልለት። እዚያው ያለችው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ ቃላዛር ትጨምርለታለች። አያቶቹ «ቆላ አትደር» ብለውት ነበር፤ እሱ የሚያድረው ለእንጀራ ብሎ ነው።

ሌላው የድሬዳዋ ሰው ነው። በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ ከተማዋን አመሰ። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትነክሰው በቀን ነው፤ አጎበር ውስጥ ገብቶ ገበያ የሚወጣ የለም። በ2022 መጀመሪያ ወራት ደግሞ ከ2,400 በላይ የወባ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ ጥፋተኛዋ ከእስያ የመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ ነበረች። ይህቺ ረግረግ አትፈልግም። ለግንባታ ውሃ የተጠራቀመበት በርሜልና ክዳን የሌለው ሮቶ ይበቃታል። አትላስ ደርሳለች አላልኩም። ግን የከተማ ሰው ወባን የገጠር ጉዳይ አድርጎ የሚያይበት ዘመን እያለቀ ነው። በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው ታሟል፤ በ2030 ወባን እናጠፋለን ባልንበት አገር።

እኔ የምጠይቀው ትልቅ ዘመቻ አይደለም። ሰሊጥ ወደ ውጭ ልኮ ዶላር የሚያመጣ ባለሀብት ለሠራተኛው ከሚሰጠው ቀለብ ጋር አንድ ብልቃጥ ቅባት እንዲጨምር፣ ጤና ሚኒስቴርም ለዘብ፣ ለወታደርና ለወቅት ሠራተኛ አጎበርን ብቻ መልስ አድርጎ እንዳያይ ነው። ቀረጡም ይታይ፤ ለቀን ሠራተኛ የሚሆን ነገር እንደ መዋቢያ መቆጠር የለበትም።

ቆላ ለሚወርድ ዘመድ ከአትላስ ገዝታችሁ የምትልኩ ካላችሁ፣ የፊቱን ሥዕል ትታችሁ የጀርባውን ጽሑፍ አንብቡ። ከ20 እስከ 30 በመቶ ዲት ወይም 20 በመቶ ፒካሪዲን የሚል ካለበት ይበቃል፤ ቁጥሩ ሲጨምር የሚረዝመው ሰዓቱ ነው እንጂ ኃይሉ አይደለም። የፀሐይ ቅባት ካለ እሱ ይቅደም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ልብስ ያልሸፈነው ቦታ ሁሉ ይቀባ፤ ላብ ከበዛ ይደገም፤ ቁስልና ዓይን አካባቢ አይነካ። ለልጅ የሚቀባው ትልቅ ሰው ይሁን፣ የልጁ መዳፍ ግን ይዝለል፣ አፉ ውስጥ ይከተዋልና። ሁለት ወር ላልሞላው ሕፃን ጨርሶ አይቀባም፣ ፒኤምዲ ደግሞ ከሦስት ዓመት በታች አይሆንም፤ ለእነሱ አጎበር ነው። ከመተኛት በፊት በሳሙና ይታጠቡትና አጎበር ውስጥ ይግቡ። አጎበር የሌለው ሰው አይታጠበው፤ ተቀብቶ ይደር።