«የአክስል ቤት» እና ወርዱ፦ ስለ አንድ የልኬት ስያሜ ታሪክ

ስለ አሜሪካ አውቶሞቢሎች የተጻፈ አንድ የትርጉም ረቂቅ ለእርማት በቀረበልን ጊዜ፣ «ወርዱ 9 ኢንች የሆነ የኋላ አክስል» የሚል ሐረግ አገኘን። ዘጠኝ ኢንች አንድ ስንዝር ያህል ነው፤ በስንዝር አክስል ላይ የሚቆም አውቶሞቢል ደግሞ የለም። ተርጓሚው የቋንቋ ችሎታ አልጎደለውም፤ ያሳሳተው የእንግሊዝኛው ስያሜ ነው። እኛም የስያሜውን ታሪክ እንድንመረምር ምክንያት የሆነን ይኸው ነው።

በእንግሊዝኛ «ሃውሲንግ» የሚባለው የአክስሉ ክፍል በመካከል ጥርሳጥርሱን የያዘ ክብ ሆድ፣ ከግራና ከቀኝ ደግሞ ሁለት የብረት ቱቦዎች ያሉት አካል ነው። ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያደርሱት ዘንጎች በቱቦዎቹ ውስጥ ይሽከረከራሉ፤ የእኛ ጋራዦች ቃሉን ከጣሊያንኛ ወስደው «ሴሚያስ» ይሏቸዋል። ፎርድ እስከ እ.ኤ.አ. 1948 ሞዴል ድረስ ይህን አካል ከሞተሩ በኩል የሚመጣውን ዘንግ ከሚሸፍነው ቱቦ ጋር አያይዞ ይሠራ ነበር። በ1949 ሞዴል ግን ዘንጉ ገላጣ ሆነ፤ አክስሉም በሁለት ባሌስትራ ላይ ተቀመጠ። ሼቭሮሌም በ1955 ሞዴል ገላጣውን ዘንግ ያዘ። ከዚህ በኋላ አክስሉን ከአንዱ መኪና አውልቆ ለሌላው መግጠም ቀለለ፤ መለካቱም የግድ ሆነ።

ስያሜዎቹ የተደበላለቁት በዚሁ ዘመን ነው። ፎርድ በ1957 ሞዴል ያወጣውና ጥንካሬው በእሽቅድድም ሰዎች ዘንድ የተወደደው አክስል «ዘጠኝ ኢንች» ተባለ። ዘጠኙ ኢንች ግን በሆዱ ውስጥ ያለው ትልቁ ባለጥርስ ቀለበት፣ ማለትም የኮሮናው፣ ዲያሜትር ነው። የክራይስለሩ «8¾»ም እንዲሁ ነው። የሼቭሮሌው «ባለ12 ብሎን» በክዳኑ ብሎኖች ቁጥር ሲታወቅ፣ ዳና የተባለው ኩባንያ ደግሞ 44 እና 60 እያለ ከኢንችም ከብሎንም ጋር የማይገናኝ የሞዴል ቁጥር ሰጠ። ከእነዚህ ስያሜዎች አንዱም ስለ ወርድ አይናገርም።

ወርድ ራሱስ ከየት እስከ የት ነው? የ1967–1970 ሙስታንግ የኋላ አክስል ከቱቦው ጫፍ እስከ ቱቦው ጫፍ 54¼ ኢንች ገደማ ነው። ጎማው ከሚታሰርበት ጠፍጣፋ ክብ እስከ ወዲያኛው ሲለካ ግን ወደ 59¼ ኢንች ይደርሳል። ልዩነቱ የመጣው ሴሚያሱ በየወገኑ ከቱቦው 2½ ኢንች ያህል ወጣ ስለሚል ነው፤ ፍሬኑ የሚቀመጠው በዚያ ክፍተት ነው። እንግሊዝኛው ሁለቱንም «ከፍላንጅ እስከ ፍላንጅ» ብሎ ሊጠራ ይችላል። አንድ ብረት ሠሪ 59¼ የሚለውን አንብቦ ቱቦውን በዚያ ልክ ቢቆርጥ፣ ጎማው በየወገኑ 2½ ኢንች ወደ ውጭ ይወጣል። በተገላቢጦሹ ከተሳሳተ ጎማው ወደ ውስጥ ገብቶ ከባሌስትራው ጋር ሊፋተግ ይችላል። የተቆረጠ ብረት ደግሞ እንደ ተሳሳተ ፊደል በላጲስ አይጠፋም።

የፍሬኑ ከበሮ ሳይወልቅ የሚለካ ሰውም የከበሮውን ውፍረት በየወገኑ ይጨምራል። «እኩሌታ» የሚለው ቃልም እዚህ ላይ ያሳስታል። የዘጠኝ ኢንቹ አክስል ትንሹ ባለጥርስ፣ ማለትም ፒኞኑ፣ በወርዱ መካከል ስለማይገኝ፣ በብዙዎቹ ላይ የግራና የቀኝ ሴሚያሶች ርዝመት እኩል አይደለም። ስለዚህ ጠቅላላውን ለሁለት በመክፈል የአንዱን ሴሚያስ ልክ ማግኘት አይቻልም።

ወደ አማርኛው ስንመለስ፣ «ሽፋን» የሚለውን አልመረጥንም፤ ከኋላ ክዳኑ ጋር ይምታታል። «አፎት» ለቱቦው ይስማማል፤ ሆድ ግን የለውም። «ማኅደር» ያማረ ቃል ቢሆንም፣ እጁ ግራሶ የነካ ሰው ይለዋል ብለን አላመንንም። ስለዚህ «የአክስል ቤት» ብለናል። ጎማ የሚታሰርበትን ክብ «ፊት» ብንለው ከመኪናው ፊት ጋር ይጋጫል፤ በመሆኑም «የጎማ ገበታ» የሚለውን እናቀርባለን። «ስፋት»ን የተውነው በትምህርት ቤት የሒሳብ ቋንቋ የገጽ መጠን መጠሪያ ስለሆነ ነው። እንግዲህ ከቱቦ ጫፍ እስከ ቱቦ ጫፍ ያለው «የቤት ወርድ»፣ ከገበታ እስከ ገበታ ያለው «የገበታ ወርድ» ይባል። ከአንዱ ጎማ መካከል እስከ ሌላው ጎማ መካከል ያለውን «የዱካ ርቀት» ብለን ለይተነዋል፤ ይህ ቸርኬ በተለወጠ ቁጥር ሊለወጥ ይችላል፤ ቤቱ ግን ያው ነው።

ረቂቁን «የኮሮናው ዲያሜትር 9 ኢንች የሆነ የኋላ አክስል» ብለን አርመን መልሰናል።