መሪ ማን ነው? ከደብረ ታቦር ማኅሌት እስከ መቅደላ መንገድ

አማርኛ በሰው ላይ ሥልጣን ያለውን የሚጠራበት ቃል አላነሰውም፤ ገዢ፣ ሹም፣ አለቃ፣ ጌታ፣ እንደራሴ ይላል። "መሪ" ግን ከነዚህ መካከል የተወለደ አይደለም። ምንጩ ግዕዙ "መርሐ" ነው፤ መንገድ አሳየ፣ ከፊት ሆኖ አደረሰ ማለት ነው። ዕውር ዕውርን ቢመራ ሁለቱም ገደል ይገባሉ የሚለው የወንጌል ቃል በግዕዝ የተነገረው በዚሁ ግስ ነው። መርሕ፣ መርሐ ግብር የምንላቸውም የዚያው ዘሮች ናቸው። ቦታ የተሰጠው ሰው "ተመራሁ" የሚለውም ወሰኑን እያሳየ የሚያደርሰው ሰው ስለነበረ ይመስለኛል። "ገዛ" ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ በሬ ገዛ እንደምንለው ሁሉ አገር ገዛ እንላለን፤ የራስ ማድረግ አለበት። ዛሬ መሪና ገዢ አንድ ሰው ቢመስሉንም በታሪካችን የተለያዩ ሰዎች ነበሩ ብዬ እከራከራለሁ። ልዩነታቸው ጎልቶ ከሚታይባቸው አገሮች አንዱ ደብረ ታቦርና የደቡብ ጎንደር ደጋ ነው።

ግሪክና ሮማ በዚህ አልሄዱም። ግሪኮች መርከብ የሚያቀናውን ሰው ኪበርኔቴስ አሉት፤ ሮማውያን ጉበርናቶር ብለው ወረሱት፤ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ መንግሥትን የሚጠሩበት ቃል ከዚያ ወጣ። ኖርበርት ዊነር በ1948 እ.ኤ.አ. ሳይበርኔቲክስ ብሎ ለአዲስ ዕውቀት ስም ሲያወጣ ያንኑ የግሪክ ቃል አነሣ፤ ዛሬ በየዜናው የምንሰማው "ሳይበር" የዚያ ቁራጭ ነው። በዚህ አስተሳሰብ ሥልጣን ያለው ሰው ከኋላ ተቀምጦ መቅዘፊያ ያቀናል፤ ሌላው ይቀዝፋል። ደገኛ መርከብ የት ያውቅና ነው የሚል ይኖራል። ነገር ግን ፎገራና ደራ ጣና ዳር ናቸው፤ የደንገል ታንኳ እዚያ የዕለት መጓጓዣ ነበር። ግዕዝም መርከብ የሚያቀናውን "ሐዳፊ" ብሎ ለይቶ ይጠራዋል። ቃሉ በእጃችን ነበር፤ ለአገር አስተዳዳሪ አላዋልነውም እንጂ።

ያዋልነው ከፊት የሚቀድመውን ነው። ቦታውም ቅኔ ማኅሌት ነው። ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ የየወገናቸው ናቸው፤ መሪጌታው ዜማውን በራሱ ድምፅ ይጀምረዋል። እስኪጀምር ድረስ ከበሮው አይመታም፣ ጸናጽሉ አይንሿሿም። ከጀመረ በኋላ ግን ዜማው የእርሱ አይደለም፤ በቀኝ ሲመራ ግራው ይቀበላል፣ በግራ ሲመራ ቀኙ ይመልሳል። ቢስት መቋሚያ ተደግፎ የቆመው ሁሉ ይሰማዋል፤ ዜማውን ሁሉም ያውቁታልና። ደብሩን የሚያስተዳድረው ደግሞ መሪጌታው አይደለም፣ አለቃው ነው፤ ንዋየ ቅድሳቱን የሚጠብቀው ገበዙ ነው። አንድ ደብር ውስጥ መግዛት፣ መጠበቅና መምራት ለሦስት ሰው ተከፋፍሏል። መሪነቱም በሹመት ብቻ አይገኝም፤ ጋይንት ቤተ ልሔም ወርዶ ድጓ ማስመስከር፣ ዙር አባ ሄዶ ዝማሬ መዋሥዕት መማር ዓመታት የሚፈጅ ነው። ደብረ ታቦር በዚህ ላይ የራሷን ጨምራለች። የፎገራ ናቤጋው ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ፤ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትረካ እንቅስቃሴውን ከጣና ማዕበልና ከዳርቻው ተክል መወዛወዝ ቀዱት ይላል። ጎንደር ላይ ተቃውሞ ገጠመው፤ በልጃቸው በተክሌ በኩል ግን ደብረ ታቦር ላይ ጸና፤ እስከ ዛሬም የተክሌ አቋቋም ይባላል። መሪው አዲስ መንገድ ሊያሳይ ይችላል፤ መንገድ የሚሆነው ግን ሰው ሲከተለው ነው።

በቤተ መንግሥቱ በኩል ያለው ታሪክ የተለየ ነው። በዘመነ መሳፍንት የየጁ ራሶች ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው፣ ጎንደር ላይ በስም ብቻ በሚነግሡት ነገሥታት ፋንታ እንደራሴ ተብለው ገዙ። በ1834 ዓ.ም. የደብረ ታቦር ጦርነት የየጁው ራስ አሊ ሸሽተው ድሉ ለተቀናቃኛቸው ለደጃዝማች ውቤ ሆነ ሲባል፣ ውቤ ድላቸውን ሲያከብሩ ተማረኩ። በዚያ ዘመን ጥያቄው ማን ይገዛል የሚል እንጂ ወዴት እንሂድ የሚል አልነበረም። አፄ ቴዎድሮስ ወዴት የሚለውን አነሡ። ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሠራተኞች አቅልጠው የሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል፤ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ሲነሣ መቅደላ የሚያደርሰው መንገድ አልነበረም። ጅዳንና በሽሎን የሚያሻግር መንገድ እየተቆፈረ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው በገመድ እየጎተተው መጋቢት ላይ ደረሰ። እስረኛ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ንጉሡ ከንጋት እስከ ምሽት በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ፣ መሬት እየደለደሉ መንገድ ሲያሠሩ እንደነበር ጽፏል። ከፊት መቅደም ማለት ይህ ነው። ብርቱው ተቃውሞም የሚነሣው ከዚሁ ነው፤ ከፊት የቀደመ ሁሉ አቅጣጫው ልክ ነው ወይ? አይደለም። ቴዎድሮስ ሲነሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ነው፤ የተከተላቸውም ሠራዊት በየመንገዱ ተመናመነ፤ ዘመቻውም ሚያዝያ 6 መቅደላ ላይ አበቃ። በማኅሌቱና በዘመቻው መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ነው፤ መሪጌታው ሲስት የሚሰማ ሰው በቀኝም በግራም አለ፤ ንጉሡ ግን ሲስቱ የሚናገራቸው አልተረፈም ነበር።

መኪና ሲመጣም ቃሉ አልቀረም የሚለኝ ይኖራል፤ ሾፌሩ በእጁ የሚያዞረውን "መሪ" ብለነዋልና፣ እንግዲህ መሪ የማቀናት ነገር ሆኗል ማለት ነው። ልብ እንበል፤ መሪ የተባለው ዕቃው ነው። ሰውዬውን ሾፌር አልነው፤ ፈረንሳዮች እሳት ለሚያነድደው ሠራተኛ ያወጡት ስም ነው፤ ወይም አሽከርካሪ አልነው። መሪ ብለን የሰየምነው አንድም ጊዜ የለም። ከዚህ የሚከብደው ደርግ "ቆራጡ መሪ" እያስባለ የሠራው ነው፤ የገዢን ሥራ በመሪ ስም ሸፈነው፤ ከዚያ ወዲህ ቃሎቹን መለየት ተስኖናል።

ይህ መደባለቅ ዛሬ ማኅሌቱ ድረስ ወርዷል። ድጓ በእጁ ያልነካ ሰው መሪጌታ ተብሎ በየስልኩ መፍትሔ ሥራይና የሀብት መድኃኒት ይሸጣል፤ ቁራሽ ለምነው፣ ዳዋ ጥሰው፣ ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የተማሩት እውነተኞቹ መሪጌቶች ስማቸው አብሮ ይጎድፋል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ መሪጌታ ነኝ የሚል ሰው ሲገጥምህ አትፈር፤ የት ተምረው የት አስመሰከሩ ብለህ ጠይቅ። እውነተኛው መሪጌታ መምህሩንና ጉባኤ ቤቱን በስም ጠርቶ ይመልስልሃል።