ክብሪቱን ተዉት

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም፣ ዛሬ ስለሚጥል በሽታ ትንሽ ታሪክ ላውራችሁ።

በእኛ በጎጃም ሰው ሲጥለው አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ያስጠጋል፣ ሌላው «አትንኩት፣ ይጋባባችኋል!» ይላል። ክብሪቱ እንዴት ታመነ? ነገሩ ቀላል ነው። መንቀጥቀጡ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሦስት ደቂቃ በራሱ ያቆማል፤ ምስጋናውን ግን ክብሪቱ ወሰደው።

በሽታውን መፍራት የእኛ ብቻ አይደለም። የጥንት ግሪኮች «ቅዱስ በሽታ» ይሉት ነበር። ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት በሂፖክራተስ ስም የሚታወቀው ጽሑፍ ግን መነሻው አንጎል ነው አለ። የከተማችን ስም የተጠራበት ቅዱስ ማርቆስም በወንጌሉ ምዕራፍ 9 እሳትና ውኃ ውስጥ ስለሚወድቅ ልጅ ጽፏል። ምድጃው መሬት ላይ በሆነበት በደጋው ቤት ይህ አደጋ ዛሬም አለ። «ይጋባል» ተብሎ የሚያነሳው ሲጠፋ ደግሞ ሰው እሳት ላይ ይቀራል። በሽታው ግን በለሃጭም በመንካትም አይጋባም።

እ.ኤ.አ. በ1912 ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ሃውፕትማን ፌኖባርቢታል የተባለው መድኃኒት በሽታውን እንደሚያስታግስ አሳየ። በአገራችን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ሲያጠኑ ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ በሽታው እንዳለበት አገኙ። መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት ግን እጅግ ጥቂት ነበሩ። ልብ በሉ፣ መድኃኒቱ ከተገኘ 70 ዓመት አልፎት ነበር! የጎደለው መድኃኒቱ ብቻ አልነበረም፤ «ይህ የሐኪም ጉዳይ ነው» የሚል ሰውም ነበር።

እንግዲህ ሰው ሲጥለው ካያችሁ ከእሳት፣ ከውኃና ከድንጋይ አርቁት። ጭንቅላቱ ሥር ነጠላም ጋቢም አድርጉለት፤ አንገቱ ላይ የጠበቀ ነገር ካለ አላሉለት። በጉልበት አትያዙት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ። መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ አስተኙት፤ በደንብ እስኪነቃ ውኃ አታጠጡት። ሰዓት ተመልከቱ፦ ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአግባቡ ቢታከሙ ከ10 ሕመምተኞች እስከ 7ቱ ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ ኪኒኑን ግን አያቋርጥ። በድንገት ማቋረጥ በሽታውን ያብሳል።

ይህን ለእናቶቻችሁም አንብቡላቸው። ምድጃው አጠገብ የሚውሉት እነሱ ናቸው።