የዲ ኤን ኤ ክትባትን ወደ ሕዋሳት ማድረስ የካንሰር ሕክምናው ዋነኛ ፈተና ሆኗል

የማህፀን በር ካንሰር በአብዛኛው የሚከሰተው ሂዩማን ፓፒሎማ በተባለ ቫይረስ ሳቢያ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ ከ2018 ጀምሮ ለልጃገረዶች የምትሰጠው ክትባት ቫይረሱን አስቀድሞ ይከላከላል እንጂ የተያዘችን ሴት አይፈውስም።

የዲ ኤን ኤ ክትባት ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ነው። ክትባቱ ኢ6 እና ኢ7 የተባሉ የቫይረሱን ፕሮቲኖች ለማምረት የሚያስችል መመሪያ ይይዛል። የሰውነት ሕዋሳት ፕሮቲኖቹን ሲያመርቱ የበሽታ መከላከያ ሥርዓቱ በቫይረሱ የተለወጡ ሕዋሳትን ለይቶ ማጥቃት ይጀምራል።

ይሁን እንጂ በመርፌ ብቻ ሲሰጥ ወደ ሕዋሳት የሚገባው መጠን አነስተኛ ነው። በመሆኑም ተመራማሪዎች ከመርፌው ቀጥሎ ጡንቻው ላይ አጭር የኤሌክትሪክ ምት በመስጠት የሕዋሳቱ ሽፋን ለጊዜው እንዲከፈት ያደርጋሉ።

እ.ኤ.አ በ2015 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ ቪጂኤክስ 3100 የተባለውን ክትባት በዚህ ዘዴ በተሟላ ሁኔታ ከወሰዱ የቅድመ ካንሰር ታማሚዎች 49 ነጥብ 5 በመቶ ያህሉ መሻሻል አሳይተዋል። መድኃኒትነት የሌለው መርፌ ከተሰጣቸው መካከል የተሻላቸው 30 ነጥብ 6 በመቶ ናቸው።

ክትባቱ ግን እስካሁን ለአገልግሎት አልተፈቀደም። በመሆኑም ቅድመ ምርመራ ማድረግ ለሴቶች ሕይወት ወሳኝነቱ እንደቀጠለ ነው።